ያልተያዘው ሐኪም

ሊይዙኝ የመጡት ፈተና ላይ ነበር። የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎቼ የኢኮኖሚ አስተሳሰብ ታሪክ ማጠቃለያ ፈተና እየተፈተኑ ነው፤ እኔ በወንበሮቹ መካከል እዘዋወራለሁ። ሁለት ሰዎች በሩን ከፍተው ገቡና ረጅሙ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «መምህር፣ ለአንድ ጉዳይ እንፈልግሃለን» አለኝ።

«ፈተናው ሊያልቅ አርባ ደቂቃ ይቀረዋል» አልኩት።

ሰዓቱን አየ። «እንጠብቃለን» አለና ከጓደኛው ጋር ከኋላ ሄዶ ተቀመጠ።

በእውነትም አርባ ደቂቃ ጠበቁኝ። ይህን ስናገር ብዙ ሰው ይገርመዋል። እኔን የሚያናድደኝ ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። ወረቀቶቹን ሰብስቤ ለትምህርት ክፍሉ ላስረክብ ስል ረጅሙ ሰውዬ ከእጄ ተቀብሎ ብብቱ ሥር ከተታቸው።

«የተማሪዎቹ ናቸው፤ መታረም አለባቸው» አልኩት።

«ይታረማሉ» አለ።

አልታረሙም። ያ ሁሉ ልጅ ሴሚስተሩን ሙሉ ሲያጠና ከርሞ ውጤቱን ሳያይ ቀረ። በራሴ ላይ የደረሰውን አንዳንዱን ነገር ረስቼዋለሁ። ስለ እነዚያ ወረቀቶች ግን እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።

የገባሁበት ክፍል አራት እርምጃ በሦስት ነበር። ግድግዳው እስከ ደረት ድረስ አረንጓዴ የዘይት ቀለም ተቀብቷል፤ ከዚያ በላይ ያለው አንድ ጊዜ ነጭ የነበረ ኖራ ነው። መስኮት የለውም። አምፖሉ ቀንም ሌሊትም ይበራል። ያልደረቀ ብርድ ልብስ ይሸታል። በቀኝ በኩል ፍራሽ ላይ አንድ ሽማግሌ ግራ እግራቸውን ቢጫ ጄሪካን ላይ ሰቅለው ጋደም ብለዋል። አውራ ጣታቸው በነጠላ ቅዳጅ ተጠቅልሏል።

«በምን ገባህ?» አሉኝ።

«በጋዜጣ ጽሑፍ።»

«ስለ ምን ጻፍክ?»

«ስለ እህል ዋጋ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «እኔ ደግሞ በእህሉ ነው የገባሁት» አሉ።

የእህል ነጋዴ ነበሩ። በዚያ ዓመት ጤፍ ተወዶ መንግሥት መጋዘን ማሸግና ነጋዴ ማሰር ጀምሮ ነበር። እኔ የጻፍኩት አንድ ገጽ የማይሞላ ጽሑፍ ነው። ነጋዴ ጻድቅ ነው አላልኩም። ያልኩት፣ ነጋዴ በማሰር ዋጋ አይወርድም፤ ይህ ክርክር በፈረንሳይና በእንግሊዝ አገር ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ተደርጓል፤ እንደ አዲስ ሰው አስረን ከምንጀምረው የእነሱን እናንብብ ነው። አሁን ሳስበው ከስድብ ሁሉ የከፋባቸው «እናንብብ» ያልኩት ይመስለኛል።

ያንን ክርክር ያስተማሩኝ አንድ እንግሊዛዊ ፕሮፌሰር ናቸው። እሳቸው ዘንድ ሁለት ዓመት ተምሬ ነው የተመለስኩት። ሥራቸው የኢኮኖሚ ሐሳቦችን ታሪክ ማጥናት ነበር፤ የትኛው ሐሳብ ከየት መጣ፣ ማን ከማን ጋር ተከራከረ፣ ማን ተረታ፣ የተረታውስ ተሳስቶ ነው ወይስ ሰሚ አጥቶ። በሰሜን እንግሊዝ የአንድ ዳቦ ጋጋሪ ልጅ ናቸው። ትንሽ ልጅ ሳሉ ዳቦ ተወደደና የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ የሱቃቸውን መስታወት ሰበረ። እናታቸው ስብርባሪውን ጠርገው በማግስቱ ለእነዚያው ሰዎች ዳቦ ሸጡላቸው። «አባቴ ዱቄቱን በስንት እንደገዛው የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም» ብለውኛል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያጠኑት ይህንኑ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ኑሮ ሲወደድ ሰው ለምን በቅርብ ያገኘውን እንደሚመታ።

አንድ ደንብ ነበራቸው። ሰውን ከመቃወምህ በፊት ሐሳቡን እሱ ራሱ «አዎ፣ ያልኩት ይህን ነው» እስኪል ድረስ አሳምረህ ተናገርለት ይሉ ነበር። ስለ አንድ የጥንት ጸሐፊ አሳንሼ በጻፍኩ ቁጥር ወረቀቴ ጠርዝ ላይ በእርሳስ «ሰውየው ቢያነበው ራሱን ያውቀዋል?» ብለው ይመልሱልኛል። በዚያን ጊዜ ሥራ ያስፈታኝ ነበር። በኋላ ተማሪዎቼን ያሰቃየሁበት እኔው ነኝ።

ይህን ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ለነጋዴው አጫወትኳቸው። ሌላ ወሬ አልነበረንም። ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያዳምጡ ቆዩና፣ «ለእነዚያው ሰዎች ሸጡላቸው?» አሉኝ።

«ሸጡላቸው።»

«እኔ አልሸጥላቸውም ነበር» አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ።

አሁን የምኖረው ሎስ አንጀለስ ነው። ሚድ ዊልሻየር አንድ የቢሮ ሕንፃ ሥር መኪና ፓርክ አደርጋለሁ። ባለመኪናዎቹ ቁልፍ ሲያቀብሉኝ አንዳንዴ ይቆጣሉ፤ ዘገየህ፣ ወንበሩን አንቀሳቀስክብኝ ይላሉ። «ሶሪ ሰር» እላለሁ፤ ንዴት የሚባል ነገር አይመጣብኝም። የሥራ ጓደኞቼ ትዕግሥተኛ ሰው ይሉኛል። አያውቁም። የእኔ ንዴት አንድ ሰው ጋ ነው የቀረው፣ ከምርመራ ክፍሉ ጠረጴዛ ባሻገር።

መርማሪው ወጣት ነበር። ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። መጀመሪያ ቀን «እኔም ኢኮኖሚክስ ተምሬያለሁ፤ በማታው ክፍለ ጊዜ» አለኝ፤ እንግዲህ እንግባባለን እንደ ማለት። ጠረጴዛው ላይ ፕሮፌሰሩ የጻፉልኝ ደብዳቤዎች ተደርድረዋል። መጽሐፋቸውን ወደ አማርኛ እየተረጎምኩ ስለነበር በየወሩ ይጽፉልኝ ነበር። ደብዳቤዎቹን ሰው አስተርጉሟቸዋል። አንዱን አነሳ።

«ሐኪሙ ማነው?»

«የቱ ሐኪም?»

አነበበልኝ። «"ሐኪሙን በደንብ ሳትይዝ ወደ እህሉ እንዳትሻገር። ሐኪሙን ከያዝክ የቀረው ይቀልሃል።" ሐኪሙ ማነው? እህሉስ የት ነው ያለው?»

«ሐኪሙ ፈረንሳዊ ነው» አልኩ። «የንጉሥ ሐኪም የነበረ ሰው ነው። ሀብት በአገር ውስጥ የሚዘዋወረው ደም በሰውነት ውስጥ እንደሚዘዋወረው ነው ብሎ በሠንጠረዥ ያሳየ ነው። እህል ያለ ገደብ ይሸጥ የሚል ክርክር ነበረው። መጽሐፉ ውስጥ ስለ እህል ክርክሩ የሚያወራው ምዕራፍ ከእሱ ቀጥሎ ይመጣል።»

«አሁን የት ነው?»

«ሞቷል።»

«መቼ?»

«ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።»

ሳቄ አመለጠኝ። ከኋላዬ የቆመ ሰው እንዳለ ረስቼ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ስልክ በግራ ጆሮዬ አልይዝም።

መርማሪው ድምፁን ከፍ አላደረገም። ብዕሩን አንስቶ ጻፈ። ምን እንደጻፈ ያወቅሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ከምሳ ሰዓት በፊት ጠርቶ በታይፕ የተጻፈ አንድ ገጽ ሲሰጠኝ ነው። የእኔ ቃል ነው ተብሏል። «በእንግሊዛዊው ትእዛዝ፣ በነጋዴው ገንዘብ ተገዝቼ፣ ለጊዜው ካልተያዘ አንድ ሐኪም ጋር በመመሳጠር» ይላል። ከሥሩ ስሜ አለ፤ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው። ነጋዴው የተባለው አብረውኝ የታሰሩት ሽማግሌ ናቸው። ሳንገናኝ በፊት ስማቸውን እንኳ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«ከፈረምክ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ» አለኝ። «ካልፈረምክ እንግዲህ።» ከዚያ እንደ ቀላል ነገር፣ «ሚስትህ ወልዳለች፤ ሴት ልጅ ናት። እስካሁን ያልነገሩህ መሰለኝ» አለ።

ስያዝ ሚስቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። የሚነግረኝ ማን ነበርና? ጠያቂ አይገባልኝም፤ ደብዳቤም አይደርሰኝም። የልጄን መወለድ ከእሱ አፍ ሰማሁ። እንደ ከረሜላ ነው ያሳየኝ። ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ዱላው ነው፤ እኔ ግን ያንን ሰው የማልምረው ለዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው። እንኳን ደስ አለህ ቢለኝ ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም። አላለኝም።

«እስከ ነገ ጠዋት አስብበት» ብሎ መለሰኝ።

ክፍላችን ስገባ ነጋዴው እግራቸውን በውሃ እያጠቡ ነበር። ስኳር አለባቸው። መድኃኒታቸውን በር ላይ ተቀብለዋቸው አልመለሱላቸውም። ቁስሉ ከአውራ ጣት ወደ መሀል እግራቸው ተሻግሯል፤ መሽተትም ጀምሯል። እሳቸው ስለ ሽታው ይቅርታ ይጠይቁኝ ነበር። ይህም ያናድደኛል፤ ይቅርታ ጠያቂው እሳቸው መሆናቸው።

የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ጨርቁን ጨምቀው አሰጡና፣ «ፈርም» አሉኝ።

«ስለ እርስዎ ውሸት ነው እኮ የሚለው።»

«ልጅህን እያት። እኔ ሽማግሌ ነኝ። ይህ እግር ፍርድ ቤትም አያደርሰኝ።»

ተቆጣኋቸው። በእሳቸው ላይ ድምፄን ያነሳሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «እርስዎን ከእኔ ጋር አንድ ላይ አስረው፣ እርስዎን እንድሸጥ እርስዎው ያግባቡኝ?» አልኳቸው። እግራቸውን መልሰው ጄሪካኑ ላይ ሰቀሉ። እኔም ተቀመጥኩ። ከዚያ ቀስ ብለው መናገር ጀመሩ።

«እህል አቆይቻለሁ። የመጀመሪያው ቀን አምኛለሁ፤ ተጽፏል። ለምን እንዳቆየሁ ግን የጠየቀኝ የለም። ደብቀሃል ወይ ነው የሚሉኝ። ዝናቡ ዘገየ። ገበሬው ፈራ፤ ጎተራውን ዘጋ። እኔ ገበያ ወጥቼ የማየው የገበሬውን ፍርሃት ነው። ያለኝን ሁሉ በግንቦት ብሸጠው ለነሐሴ የሚተርፍ የለም። ስለዚህ ትንሽ አቆየሁ። አተርፋለሁ፤ አላተርፍም አልልህም፤ ነጋዴ ነኝ። ዋጋውን ያወጣሁት ግን እኔ አይደለሁም። እኔን ቢያስሩኝ የገበሬው ፍርሃት አይታሰርም።»

በሙያዬ ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ። ነገሩን እንዲህ አሳጥሮ የተናገረ አላጋጠመኝም። ፕሮፌሰሩ ሦስት ምዕራፍ የፈጀባቸው ነው።

«ጋሼ፣ ልድገመውና ካጠፋሁ ያርሙኝ» አልኳቸው።

ደገምኩት። «በግንቦት» የሚለውን ትቼው ነበር፤ አስጨመሩኝ። ትርፉን አለስልሼ ባልፈው፣ «አይ፣ እሱንም በግልጽ በል» አሉ። ሁለተኛ ደገምኩት።

«አዎ» አሉ። «ያልኩት ይህንን ነው።»

«ብጽፈው ይከፋዎታል?»

«ማቆየቴማ ተጽፏል። ምክንያቴም ይጻፍ» አሉኝ።

ጠዋት መርማሪው ወረቀቱንና ብዕሩን ገፋ አድርጎ ሰጠኝ። ሰዓቱን ፈቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እንደ ፈተና ወረቀት ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። «በእንግሊዛዊው ትእዛዝ» የሚለውን ሰረዝኩ። «በነጋዴው ገንዘብ ተገዝቼ» የሚለውን ሰረዝኩ። ሐኪሙንም ሰረዝኩት። የቀረው ስሜና አድራሻዬ ነበር። ከዚያ ባዶው ቦታ ላይ ነጋዴው እንደነገሩኝ፣ ግንቦቱንም ትርፉንም ሳልተው፣ በደንብ በሚነበብ ጽሕፈት ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ «ይህን የተናገሩት አብረውኝ የታሰሩት ነጋዴ ናቸው። እኔም አምንበታለሁ። ለጽሑፌ ማንም አልከፈለኝም፤ ማንም አላዘዘኝም» ብዬ ጨመርኩና ከሥሩ ፈረምኩ።

መርማሪው አነበበው። ተመልሶ ደግሞ ከላይ አነበበው። የሚቀደው መስሎኝ ነበር፤ አልቀደደውም። አጥፎ ፋይሉ ውስጥ ከተተውና ከኋላዬ ለቆመው ሰው በአገጩ ምልክት ሰጠው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጽፍም። ዘጠኝ ቀን ለብቻዬ ቆይቼ ስመለስ የነጋዴው ፍራሽ ተነስቷል። ጄሪካኑ ብቻ አለ። ምግብ የሚያመጣውን ጠባቂ ጠየቅሁት፤ «ታሞ ሄደ» አለኝ። ሆስፒታል በር ላይ እንዳረፉ የሰማሁት ከተፈታሁ በኋላ ነው። አምስት ወር ታስሬ ያለ ክስ ለቀቁኝ። ልጄን ሳያት መቀመጥ ጀምራ ነበር። እንደ እንግዳ አየችኝና አለቀሰች።

ለፕሮፌሰሩ በተፈታሁ በወሩ ጻፍኩላቸው። የምስጋና ደብዳቤ አልነበረም። የእርስዎን ደንብ እዚያ ክፍል ውስጥ ምን ላድርገው ኖሯል? የመርማሪውንስ ሐሳብ አሳምሬ እንድናገርለት ነው የሚጠብቁብኝ? አልችልም፤ አልፈልግምም፤ አልኳቸው። በዚያ ዕድሜ ላለ ሰው የማይገባ አጻጻፍ ነበር። እሳቸውም መለሱልኝ። «ደንቡን ያወጣሁት ለሙታን ነው» አሉ። «የሞተ ሰው ለራሱ መናገር ስለማይችል ነው እኛ የምንናገርለት። ዱላ የያዘ ሰው የራሱ አፍ አለው።» ይቅርታም ጠይቀውኛል፤ ስለ ደብዳቤዎቹ። እኔ ወደ አሜሪካ ሳልመጣ በፊት አረፉ።

ባለፈው ወር ፌርፋክስ መንገድ ላይ ባለ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት አንዲት ልጅ ስለ እሳቸው ጠየቀችኝ። እናቷ የምግብ ቤቱ ባለቤት ናት፤ ልጅቷ እዚሁ የተወለደች፣ ለማስተርስ ዲግሪዋ ስለ እህል ገበያ የምትጽፍ ናት። እሑድ ከሰዓት ላፕቶፗን ይዛ ከፊቴ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ማሚ የሰውየው ተማሪ ነበርክ አለችኝ። ሶ፣ መጽሐፉን ፔፐሬ ላይ ሳይት እያደረግሁ ነው። ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

«ጋሼን አታድክሚያቸው» አለች እናቷ ከባንኮኒው።

ስለ ዳቦ ቤቱ ነገርኳት። ከዚያ ሳላስበው ስለ መርማሪው፣ ስለ ነጋዴውም ነገርኳት። እጇን ኪቦርዱ ላይ አድርጋ ሳትጽፍ ሰማችኝ።

«መርማሪውን ፎርጊቭ አደረግከው?»

«አላደረግሁትም።»

«ኦኬ» አለች። አልመከረችኝም። ወደድኳት።

ከዚያ ነጋዴው ያሉትን እንደገና እንድነግራት ጠየቀችኝና በእንግሊዝኛ ጻፈችው። «ጋሼ፣ ይኼ ኢንክሬዲብል ነው። ቃል በቃል ኮት ላደርገው እፈልጋለሁ። ሶርሱን ምን ልበል? የጻፈው ነገር አለ?»

«የለም።»

«ስሙስ?»

ስማቸውን አልነገርኳትም። ልጆቻቸው እዚያው አገር ናቸው።

«እንግዲያው ያንተ ሐሳብ ብዬ ላስገባው?»

«አይሆንም» አልኩ። ከሌላው ጠረጴዛ ሰዎች ዞረው አዩኝ። ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። «የእኔ አይደለም። አንድ የእህል ነጋዴ በእስር ላይ ሳሉ የተናገሩት ብለሽ ጻፊ። ከመጽሐፎቹ ጋር እኩል አስቀምጪው።»

ጻፈች። የጻፈችውን መልሳ አየችው። «ፕሮፌሰሬ እንዲህ ዓይነት ሶርስ ላይቀበል ይችላል። ማርክ ሊቀንስብኝ ይችላል» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ። ከዚያ፣ «አላወጣውም» አለችና ሴቭ አደረገችው።

ስወጣ እናቷ ምግብ ቋጥራ በሩ ድረስ ሸኘችኝ። «ጋሼ፣ ምን አሏት? ፊቷ ልውጥ አለብኝ» አለች።

«ስለ አንድ ነጋዴ አጫወትኳት።»

«ዘመድዎ ናቸው?»

«አብረን ታስረን ነበር» አልኳት።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ፌርፋክስ እንደ ሁልጊዜው ተጨናንቋል፤ ከኋላ ቦታዬን የሚጠብቅ ሰው ጡሩምባውን ነካ ነካ ያደርግብኛል። አልተነሳሁለትም። ከእስር ቤት ከወጣሁ ወዲህ ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን የሽማግሌውን ስም ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው ጮክ ብዬ ጠራሁት። ከዚያ ሞተሩን አስነሳሁ።